ዓሣ ፍለጋ፤ ከሳሪስ አቦ እስከ ዝዋይ

ነገሩ የተጀመረው ስለ ሳልሞን የሚናገር አንድ የእንግሊዝኛ ንባብ ሳስተምር ነው። ሳልሞን በሰሜን አገሮች ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር የሚወርድ፣ በጨው ውሃ አድጎና ሰብቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። የወንዙን ሽታ አይረሳም፤ ፏፏቴውን እየዘለለ ሽቅብ ይወጣል፤ በዚያም አጥማጁ መንጠቆውን ይዞ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ በሰሌዳው ላይ ሥዕል ጭምር እየሣልሁ ካስረዳሁ በኋላ «ጥያቄ ያለው?» ብል፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ ዓሣ አጥምደው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ዓሣን የማውቀው በሳሕን ላይ ነው፤ ያውም በምግብ ቤት ጉላሽ ሆኖ ሲቀርብ። ይህንኑ ስናገር ሌላው ልጅ ተነሣና «በአቃቂ ወንዝስ ሳልሞን ይኖራል?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ።

ሳሪስ አቦን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምትና በመጋቢት፣ መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል። በሌላው ቀን የሚሞላው በጭነት መኪና ነው። የድሮው የደብረ ዘይት መንገድ በመካከሉ ያልፋል፤ ቀላል ባቡሩም በዚያው ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ መጋዘንና ፋብሪካ ነው። ሁለቱ አቃቂዎች፣ ትልቁ በምሥራቅ፣ ትንሹ በምዕራብ፣ ከሰሜን ተራሮች ተነሥተው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ካቋረጡ በኋላ ወደ ደቡብ ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። በዚያ የተገደበው ሐይቅ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ርዳታ ታድሶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ እኛ በሁለት ወንዞች መካከል የምንኖር ሰዎች ነን። በሁለት ወንዞች መካከል ስለ ኖሩ ሰዎች በታሪክ መጽሐፍ ስናስተምር በቅናት ነው የምንናገረው፤ በእኛ ሰፈር ግን ሰው ወንዙን የሚያስታውሰው ነፋሱ ወደ ቤቱ ሲዞር ብቻ ነው።

ያን ዕለት ማታ የተማሪዎቼን ሳቅ ለቤት አከራዬ አጫወትኋቸው። አባባ (እኔም እንደ ልጆቻቸው እንዲህ ነው የምጠራቸው) ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን አልፏል፤ ጉልምስናቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አልሳቁም።

«ምን ያስቃቸዋል?» አሉኝ። «እኛ ልጆች ሳለን ከአቃቂ ዓሣ አውጥተን በልተናል። መርፌ በእሳት እናግልና እናጥፈዋለን፤ የምድር ትል እንሰካበታለን። አምባዛ ይወጣል፤ ነጭ ዓሣም ይወጣል፤ ትንንሽ ነው፤ ግን ዓሣ ነው። በወይራ እንጨት ሰክተን እዚያው ጠብሰን በልተን፣ እናታችን እንዳትሸተን አፋችንን በጤና አዳም አሽተን እንገባለን።»

«ታዲያ ዓሣው የት ደረሰ?»

«ሄደ።»

«መቼ?»

«ሲሄድ ማን ያየዋል፣ መምህር? አንድ ክረምት አልፎ ክሩን ጣልን፤ አልመጣም። በሌላውም ዓመት ጣልን። ከዚያ እኛም ተውነው።»

«ሞተ» አላሉም፤ «ሄደ» ነው ያሉት። ይህ አነጋገራቸው ያነበብሁትን አንድ ታሪክ አሳሰበኝ። በለንደን ከተማ መካከል በሚያልፈው በቴምስ ወንዝ ሳልሞን በብዛት ይጠመድ ነበር። የቤቱና የፋብሪካው ፍሳሽ ሲበዛበት ሳልሞኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ጠፋ። በ1858 የበጋው ሙቀት ሲበረታ ከወንዙ የሚነሣው ሽታ የፓርላማውን አባሎች መቀመጫ ስላሳጣቸው መጋረጃው በኖራ መድኃኒት እስከ መነከር ደረሰ። ገንዘቡ የተፈቀደውና የፍሳሹ ቦይ መሠራት የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ሽታው ሕግ አውጪዎቹ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ግን ድኻው ብቻውን ሲያሸተው ኖሯል። እስከ 1957 እንኳ የተፈጥሮ ታሪክ ሊቃውንት ወንዙን እንደ ሞተ ቆጥረውት ነበር። በኅዳር ወር 1974 አንድ ሳልሞን በአንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የውሃ መሳቢያ ወንፊት ላይ ተገኘ። አንድ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን 140 ዓመት ያህል የጠፋ እንግዳ ስለ ነበረ ወሬው ጋዜጣ ሞላ። ዛሬም ቢሆን ሳልሞን በቴምስ ተደላድሎ አልኖረም። መመለስ ከመሄድ ይልቅ እጅግ የዘገየ ነው ማለት ነው።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን ራሴ ያወጣሁትን ዓሣ ጠብሼ ብበላ ደስ ይለኛል» አሉ። «የገበያውን አይደለም የምልህ።»

የጥቅምት አቦ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉዞ ጀመርን። ከመርካቶ የተገዛ ስድስት መንጠቆ፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክር፣ የሽቦ መጥበሻ፣ ጥቂት ከሰል፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣና እንጀራ ይዘናል። የምድር ትሉን አባባ ራሳቸው ከጓሮ ቆፍረው በቲማቲም ጣሳ ውስጥ ከነአፈሩ ይዘውታል፤ በታክሲ ውስጥ ጣሳውን በጉልበታቸው ላይ አቅፈው ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለችው ሴት «ምንድን ነው አባት?» ብትላቸው «ስንቅ ነው» አሏት።

በቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረን በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አልፈን ሞጆ ደረስን። ስለዚህ መንገድ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንባቢው ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል፤ ጤፉ ማበብ ጀምሮ አገሩ አረንጓዴ ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጠፍንና ቆቃ ስንደርስ፣ አቅዳችን እዚያው ስለ ነበረ፣ ወረድን።

የቆቃ ሐይቅ የሰው እጅ ሥራ ነው። አዋሽ ወንዝ ተገድቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የተመረቀ ሲሆን፣ ግድቡ የተሠራው ጣሊያን ስለ ወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በውስጡ ቆረሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይገኛሉ። ገና ከመኪናው ስንወርድ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ በክር የተሰካ ቆረሶ አንጠልጥሎ ወደ እኛ ሮጠ። ዓሣው ያብረቀርቃል። አባባ ፊታቸው በራ።

«ዛሬ ጧት የወጣ ነው» አለ ልጁ።

«እኛ ራሳችን ልናወጣ ነው የመጣን» አሉት አባባ። ወደ እኔም ዘወር ብለው «ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አስተማሪ ሲጠየቅ ሳያስብ መመለስ ልማዱ ነው። «አዋሽ ነው» አልሁ።

«አዋሽ? አቃቂ አይደለም እንዴ ወደ አዋሽ የሚገባው?»

በካርታ ላይ ይህን መስመር ለስንት ተማሪ በጣቴ ሳሳይ ኖሬአለሁ! ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይገባል። የሞጆም ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎቹን አጠገብ አልፎ ወደዚሁ ይመጣል። ፈተና ላይ ባወጣው ማንም ተማሪ ይመልሰዋል። ነገር ግን ከሳሪስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የመጣነው ከሳሪስ ውሃ ዓሣ ልናወጣ መሆኑ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቤ አልመጣም ነበር። ከዳር በኩል ሐይቁ እንደ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በቆቃ ውሃ ላይ የሚበቅለው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ጥቃቅን ተክል መሰል ሕይወት መርዝ እንደሚያወጣ ሊቃውንት በምርመራ አግኝተዋል።

ስለ ልጁ ዓሣ ይጎዳል ብዬ መናገር አልችልም፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላዋል። አባባ ግን አምሮታቸው ጠፋ። «እንሂድ» አሉኝ።

ልጁ ተከተለን። «ለምን ተዋችሁት? ጥሩ ዓሣ ነው። እኛም የምንበላው እርሱን ነው፤ ውሃውንም እንጠጣለን» አለ።

ምን ይባላል? ውሃውን እኛ ነን ያበላሸነው፣ ስለዚህ ዓሣህን አንበላም ይባላል? አባባ ዓሣውን ገዙት። ከገዙትም በኋላ ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ጥቂት ይዘውት ቆሙና መንገድ ዳር ለተቀመጠች አንዲት እናት ሰጧት። ይህም ሥራችን ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም። ለእኛ ያልሆነ ለእርሷ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚያ በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ አመራን። ከተማዋ ባቱ፣ ሐይቁም ደንበል እየተባለ ይጠራል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ሐይቅ ከአዋሽ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ውሃው ከአርሲ ተራሮች በሚወርደው በቀታርና ከጉራጌ በኩል በሚመጣው በመቂ ወንዝ የሚመገብ፣ በቡልቡላ በኩልም ወደ አብያታ የሚፈስ ነው። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በላዩ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከሁሉ ትልቁ ቱሉ ጉዶ፣ በጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋበት ነበር የሚል ትውፊት ያለው ገዳም ነው። የዛይ ሕዝብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ በእርሻና በዓሣ ሲኖር ዘመናት አስቆጥሯል።

ወደቡ ላይ ስንደርስ ከሰው ይልቅ አባ ኮዳ ይበዛል። እነዚህ ራሰ በራ ወፎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደሚጠብቁ ባለጕዳዮች በተርታ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ይጠባበቃሉ። ቢሮ የሚሠራ ወዳጅ ያለው አንባቢ ሥዕሉ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ወጣት አጥማጅ በጀልባው ሊወስደን ተስማማ፤ መንጠቆአችንን አይቶ ግን ፈገግ አለ።

«በዚህ ቆረሶ አይያዝም» አለን። «ቆረሶ የሚበላው የውሃ አረንጓዴ ነው፤ ትል አይፈልግም። ቆረሶ የሚወጣ በመረብ ነው። በመንጠቆ ምናልባት አምባዛ ይመጣላችኋል።»

ከሸንበቆው ዳር ጥቂት ራቅ ብለን ክራችንን ጣልን። ውሃ ውስጥ እንዳንገባ አጥማጁ አስጠነቀቀን፤ የቢልሃርዝያ በሽታ አለበትና፤ ጉማሬም አለ። አንድ ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። ሁለተኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል እኔ ስለ ማጥመድ የጻፉት ሰዎች ሁሉ ውሸታሞች መሆናቸውን ለማመን ተቃርቤ ነበር። አባባ ግን አልተነቃነቁም። ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበሩ። በድንገት ጣታቸው ተነቃነቀ፤ ጥቂት ለቀቁለት፤ ጠበቁ፤ ከዚያም ሳቡ። ስድሳ ዓመት ያህል ያልሠራ እጅ እንዴት እንዳልረሳው ይገርማል! ክንድ የሚያህል ጥቁር አምባዛ ጢሙን እያርገበገበ ጀልባው ውስጥ ወደቀ። አባባ «አየህ!» ብቻ ነው ያሉኝ።

በእኔ ክር ላይ ምንም አልመጣም። ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ አልተለወጠም ማለት ነው።

በመመለሻችን አጥማጁ ሌሊት የጣለውን መረብ ሲስብ አገዝነው። ቆረሶዎቹ በመዳፍ ልክ ናቸው፤ ዱሮ ከዚህ እጥፍ ይሆኑ እንደ ነበረ፣ አጥማጁም መረቡም ከዓሣው በላይ እንደ በዛ፣ ውሃውንም በየዳሩ ያሉት እርሻዎች በፓምፕ እንደሚስቡት ነገረን። ውሃው ወደ ታች የሚፈስበት የአብያታ ሐይቅ ዛሬ ሸሽቶና ጨው ሆኖ ዓሣው እንደ ጠፋበት የሚታወቅ ነው። ዝዋይም እንግዲህ የራሱ ጭንቀት አለበት፤ እኛ ያመለጥነው የራሳችንን እድፍ ብቻ ነው።

አንዷን ቆረሶ ከመረቡ ሲያላቅቃት ከአፏ የጥፍር ቁራጭ የሚያካክሉ ሕፃናት ዓሦች ፈሰሱ። የቆረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ትታቀፋለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿን ወደ አፏ ትሰበስባለች። ይህን ማንበብና ማየት ለየቅል ነው። አጥማጁ ጀልባው ላይ የቀሩትን ጫጩቶች በውሃ አጥቦ ወደ ሐይቁ መለሳቸው፤ እናቲቱን ግን ቅርጫቱ ውስጥ ጣላት።

«ብትለቃትስ?» አሉት አባባ በቀስታ።

«ብለቃት ከኋላዬ ያለው መረብ ይይዛታል። እኔም ቤት ልጆች አሉኝ፣ አባት።»

አባባ ምንም አልመለሱም። አራት ቆረሶ ከቅርጫቱ ገዛን፤ እርሷ ከአራቱ አንዷ ትሁን አትሁን አላውቅም።

በሐይቁ ዳር፣ ከግራር ሥር፣ ከሰሉን አቀጣጠልን። ዓሣ ለመጥበስ የሚያስብ አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ከሰሉ እስኪነድና ነበልባሉ ጠፍቶ ነጭ አመድ እስኪለብስ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በነበልባል የተጠበሰ ዓሣ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቆረሶው ሆዱ ይጸዳል፤ ቅርፊቱ ግን አይነሣም፤ ሥጋውን ከእሳት የሚጠብቀው እርሱ ነውና፤ ሲበስል ከነቆዳው እንደ ልብስ ይወልቃል። በሁለቱም ጎን በቢላዋ ሸንተር ሸንተር ይደረግና ጨውና ሎሚ ይገባበታል። ሽቦው አስቀድሞ ይጋል፣ ዘይትም ይቀባ፤ አለዚያ ዓሣው ተጣብቆ ይበጣጠሳል። አንድ ጊዜ ከተቀመጠ አይነካካም፤ ከሽቦው በገዛ ራሱ የላቀቀ ጊዜ መገልበጫው ደርሷል። ሚጥሚጣው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከተነሰነሰ ያርርና ያስላል። ይህን የመጨረሻውን የተማርሁት ባለማወቅ ስለ ሠራሁት ነው፤ ስናስል ዋልን።

አምባዛውን ግን አባባ አላስነኩኝም። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳውን ገፈፉት፤ ሥጋውን በወፍራሙ ቈራረጡና በእንጨት ሰክተው ከከሰሉ ጎን መሬት ላይ ተከሉት። ስቡ እየተንጠባጠበ ሲጮህ፣ እየዞሩ እንጨቱን በየተራ ያሽከረክሩታል። እንደ ልጅ ቁጢጥ ብለው ነው የተቀመጡት፤ ጉልበታቸውን ያማቸው እንደ ነበር ሁለታችንም ረስተነው ነበር። በደረሰም ጊዜ የመጀመሪያውን ቁራጭ አጠቀለሉና አጐረሱኝ። ቀጥሎ ራሳቸው በሉ። ቀስ ብለው አኘኩ።

«እንዴት ነው አባባ?» አልኋቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። ቆየት ብለውም «የእኛው ጭቃ ጭቃ ይል ነበር፤ ይኸ አይልም» አሉኝ። ቅሬታ ይሁን ምስጋና ለመለየት አልቻልሁም።

ሳልሞንን አልቀመስሁትም። በአገራችን የእርሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቅቆ ይገኛል፤ አንድ ቀን እርሱንም ፍለጋ እሄድ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ግራር ሥር በሚጥሚጣ የበላሁትን ዓሣ በማንም አገር ሳልሞን አልለውጠውም።

አንድ ቁራጭ አምባዛ ተርፎ ነበርና አባባ ለባለቤታቸው በጋዜጣ ጠቀለሉት። ባዶውን የትል ጣሳ ግን ሊጥሉት አልፈቀዱም፤ አጥበው ያዙት። ወደ ማታ በመጨረሻዋ ሚኒባስ ተሳፈርን። በ2011 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው የከተማዋን ወንዞች ስለ ማልማቱ ሥራ በመንገድ ላይ ጠየቁኝ፤ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚሸፍን የሰማሁትን ነገርኋቸው። «ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚጀምሩት?» አሉኝ። ከላይ፣ ከእንጦጦ በኩል ነው አልኋቸው። «ደግ ነው፤ ውሃ ከላይ ነው የሚታጠብ» አሉና አንቀላፉ።

ዱከምን አልፈን አቃቂ ስንገባ ጨልሟል። መኪናው ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ መስኮቱን መዝጋት ጀመረ። አባባ ነቁ። የእርሳቸው መስኮት ብቻ ተከፍቶ ቀረ።

«አባት፣ መስኮቱን» አላቸው ረዳቱ።

«ቆይ» አሉት፤ አንገታቸውንም ወደ ውጭ አወጡ።